ሰው የሌለበት ጥሩር

ፍራንኮ፣ ከጎሚስታው ኋላ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣
አዳማ በነፋስ አቧራ ስታላምጥ፣
አራት ሆነን ከበን የሞተር ዘይት ሣጥን፣
ፍራኦል፣ አጫዋቹ፣ ዝቅ አርጎ ድምፁን፣
«ያንተስ ሰው ማን ይሁን?»

ቦንቱ ቀስት ይዛለች፤ ምንይችል አስማት፤
እኔ አንድ ጥሩር አለኝ፣ ሰው የሌለበት።
የራስ ቁሩ ባዶ፣ ደረቱ ጎድጓዳ፣
ሲሄድ የሚንኳኳ እንደ አሮጌ ላዳ።

ለሞገሱ ጣልኩኝ፤ ዳይሱ ተንከባለለ፣
ከብሎን ጋር ተጋጭቶ «አንድ፣ አንድ፣ ሁለት» አለ።
«ይህንስ ደላላም አይሸጠው» ብላ ቦንቱ ሳቀች፤
ለጉልበቱ ጣልኩ፤ ዐሥራ ሰባት። እሷም ዝም አለች።

ፍራኦል ደብተሩን ገልጦ፣ «ይሁን፤ ደንቡ ይፈቅዳል፤
ግን የሰፈረበት ዛር ስሙ ይጠራል።
የሞተ ጀግና ነው? የተረገመ ንጉሥ?
ዛር እኮ በከንቱ አይመርጥም ፈረስ።»

«ጀግናም አይደል» አልኩት፤ «ንጉሥም አይደለም።
ጥሩር ወልዋይ ነበር፤ ለብሶት አያውቅም።
አርባ ዓመት ሙሉ በአመድ በሎሚ አሸው፤
ጌታው ግብር ሲያበላ እሱ ደጅ ላይ ነው።
ኋላ፣ ያ ጌታ ታሞ፣ ባልጋው ላይ ሞተ፤
ወልዋዩ በዚያው ሌሊት፣ ለሙከራ ያህል፣ እጁን ከተተ።
አልወጣም።
ሥጋው አለቀ እንጂ ልማዱ አልሞተ።

ዘንዶ ፊት ቆሞ እንኳ ዝገት ይፈልጋል፤
ሰይፉን ሳይሰነዝር ቀድሞ ይወለውላል።
በር ካየ ይቆማል፣ ግባ ካላሉት አይገባም፤
ቢወጉት አይደማም፤
በስሙ ቢጠሩት… ስሙን አያውቅም።»

ምንይችል፣ «ይሄ እኮ ለውጊያ አይሆንም» አለ።
ፍራኦል ግን እርሳሱን ነክሶ፣ ዝም እንዳለ፣
«ድክመት» ከሚለው ሥር «በር» ብሎ ጻፈና፣
«ስሙስ?» አለኝ፣ አንገቱን አቀና።
«ቅዳሜ እነግርሃለሁ።» ሰዓቴ ደርሷልና።

የባንኩን ጥበቃ ልብስ ባጃጅ ላይ ለበስኩ፤
ትከሻው ይሰፋኛል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩ።
ከኔ በፊት በዚያ በር የቆመ ሰው ነው የለበሰው፤
ኪሱ ውስጥ መፋቂያ አለ፣ ግማሹን እሱ ያኘከው።
ደረቱ ላይ «ግርማቸው» ይላል፣ በቢጫ ክር፤
ይቀየራል አሉኝ፤ ሦስት ዓመት ሆነው ባለፈው ጥር።

በሩ ላይ ቆምኩ። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ
በእጅጌዬ ገባ፣ እንደ ቤቱ ለምዶ።
አንድ ደንበኛ፣ ካርዱን ማሽኑ በልቶበት፣
«ግርማቸው!» አለ።
«አቤት» አልኩት።