ከሃያ ሦስት በኋላ

የማትራህ ሌሊት ላብ ነው፤
ግንቡም ያልበዋል፣ ባሕሩም ያልበዋል፤
ራቁቱን የቆመው ተራራ፣ ቀን የጠጣውን ፀሐይ
ማታ መልሶ ይተፋዋል።

ፍራሼ ቀጭን ነው፣ ከቢቢ ዙወይና አልጋ ሥር የሚነጠፍ፤
ስትስል እንድሰማት፣ ስትቃትት እንድነሣ፣ ጎኔ ገና ሳያርፍ።
ግራ ጎኗ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆነው፤
አጥባታለሁ፤
ጀርባዋ እንዳይቆስል ዱቄት ነስንሼ አሻለሁ፤
ጥርሷን ከአፏ አውጥቼ በብርጭቆ ውኃ እነክራለሁ፤
መብራት አጠፋለሁ።
ከዚያ ነው ተራው የእኔ።

መቁጠሪያዬ አውሮፕላን ማረፊያ ቀረች፤
ጣልኳት፣ ወሰዷት፣ እንጃ።
ጣቴ ግን አብራኝ ገባች፤ ለጣት አይጠየቅም ቪዛ።
የንስሐ አባቴ ቆቦ ላይ እንዳሳዩኝ፣
በአንድ ጣት ሦስት አንጓ፣ በአራት ጣት ዐሥራ ሁለት፤
አውራ ጣት ሦስቴ ሲዞር ሠላሳ ስድስት፤
የቀሩት አምስቱ ለአምስቱ ችንካር፤
አርባ አንድ እግዚኦታ፣ ሳይጎድል፣ በሥርዓት።

ግን ሃያ ሦስት ላይ እወድቃለሁ።
አንዳንዴ ሃያ አራት። አንዴ ብቻ ሠላሳ ደርሻለሁ፤
ያን ሌሊት ጥርሴን አሞኝ ነበር።
ዐሥራ ስምንት ይጎድላል በየሌቱ፤
ዱቤ በልቶ ባለሱቁን እንደሚሸሽ ሰው
ቀና ብዬ ሰማይ ማየት ፈራሁ፤
የሁለት ዓመቱን ልደምር ጀምሬ፣
ደብተሩን ዘጋሁ።

አርብ፣ በወር አንዴ፣ ሩዊ እሄዳለሁ፤
ሕንዶቹ ሲወጡ እኛ የምንገባበት አዳራሽ አለ፤
ነጠላችንን በፌስታል ይዘን፣ በር ላይ ለብሰን።
ዲያቆኑ ስድስቱን ቀን ሲሚንቶ ያቦካል፤
«ተንሥኡ» ሲል ድምፁ አቧራ ያነሣል።
«አባ፣ ቁጥሬ ይጎድላል» አልኳቸው ደረጃው ላይ።
ዘበኛው ቁልፉን ያንቃጭላል፤ እርሳቸው ሰዓት እያዩ፦
«እግዜር ሚዛን ይዞ የሚጠብቅሽ ነጋዴ መሰለሽ ወይ?»
ሳቅሁ። ግን አልገባኝም፤
መልካም ቃል አሞሌ ጨው ነው፣ እስኪሟሟ አይጣፍጥም።

ነሐሴ መጣ።
ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ፣ አልጠፋ ብሎ፣
ውጭው እሳት፣ ክፍሉ ውርጭ ሆነ።
ሃያ ሦስት ላይ ወድቄ፣ በእንቅልፌ እንቀጠቀጣለሁ።
አንድ ነገር ነካኝ፤ አልነቃሁም፣ አልተኛሁም፤
ብርድ ልብስ ከላይ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ፣ በስንዝር በስንዝር፣
በደህናዋ እጅ፣ በአንዲቱ።
ራሷን ገፍፋ ታለብሰኛለች!
«ናሚ፣ ያ ራያ» አለች። ተኚ፣ አንቺ ራያ።

ራያ ልጇ ናት፤ በሰባት ዓመቷ የቀበረቻት፣
እኔ ሳልወለድ።
ለእኔ ግን ራያ አገሬ ነው፣
የማሽላው ሜዳ፣ የእናቴ ደጅ።
በዚህ ቤት ስሜ «ያ ቢንት» ነው፤
ወለተ ሐና ብሎ የሚጠራኝ ከባሕር ወዲያ ቀርቷል፤
በዚያች ሌሊት ግን
በማያውቀኝ አፍ፣ የሚያውቀኝ ጠራኝ።

ርኅራኄህ፣ ጌታዬ፣ በነጎድጓድ ይመጣል ስል
ለካ የአልጋ ጠርዝ ተደግፎ ነው የሚወርደው፣
ማታ ጥፍሩን በቆረጥኩለት እጅ።

እጇ ራሴ ላይ አረፈ። ቸብ አደረገኝ።
ቸብ፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ፤ ደግሞ ቸብ፤
ጣቴ ሳላዘው ቆጠረ፦ ሃያ አራት፣
ሃያ አምስት፣
የተንጠለጠለው ክንድ እየዛለ፣ ሳይቆም፣
ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ ችንካሮቹ፣ አንድ በአንድ፤
አርባ አንድ ሞላ።

እጇ ግን አላቆመም።

ጠዋት ምንም አታስታውስም፤
ብርድ ልብሴን ማን ወሰደው ብላ ተቆጣችኝ።
ጥርሷን ከብርጭቆው አውጥቼ
አለቅልቄ ሰጠኋት።