እስከ ሉድጋርዳ

አርባ ዓመት ሙሉ መረብ ጥዬ፣ አንስቼ፣
ማዕበል ላይ በልቼ፣ ማዕበል ላይ ተኝቼ፣
አንድ ቀን እንኳ ሆዴ አልከዳኝም፤
ባሕር ያውቀኛል፣ ባሕር አይንቀኝም
እል ነበር።

ልጆች አዋጥተው ትኬት ቆረጡልን፤
«ከቫልፓራይሶ እስከ በረዶው ጫፍ፣ ሄዳችሁ እረፉ» አሉን።
አሥራ አንድ ፎቅ ነው፤ መርከብ አትሉትም፤
ጀልባዬን ቢውጣት ትን እንኳ አይለውም።

ሚስቴ ሄርሚንዳ አዋላጅ ነበረች፣
በቺሎዌ ደሴት በጭቃ በዝናብ ቤት ለቤት የዞረች።
እጇን ስትታጠብ ሰዓት አታይም፣ በቁጥር አትቆጥርም፤
ያዋለደቻቸውን ትጠራለች እንጂ ሌላ አትናገርም፦
«ክሎዶሚሮ፣ ሴሊንዳ፣ ሁቬናል፣ ኡቤርሊንዳ፣
መንትዮቹ ኤልባና ኤሊያስ፣ በመጨረሻም ሉድጋርዳ።»
ሉድጋርዳ ሳትጠራ ቧንቧው አይዘጋም፤
እሷ ሳትወለድ የኔ ምሳ አይዘረጋም።

የመብል አዳራሹ በር ላይ አንድ ወጣት ቆሟል፣
ከባሊ የመጣ፣ ኮማንግ ይባላል።
ጠርሙስ ይዞ «እጅዎን ጌታዬ» ይላል ጎንበስ ብሎ፤
ሌሊት የደረጃውን መደገፊያ ይወለውላል፣ ጨርቁን አንጠልጥሎ።
እኔ «ደህና ነኝ ልጄ» ብዬው አልፋለሁ፤
ጡረተኛ ሁሉ ወዳጄ ነው፣ ያገኘሁትን እጨብጣለሁ።
ከዚያ ጭልፋ አነሳለሁ፣ ከኔ በፊት መቶ እጅ ያነሳውን፣
የሸርጣኑን፣ የማዮኔዙን፣ የድንች ሰላጣውን።

እሷ የፈላ ሾርባ ትጠጣለች፤
ሙዟን ራሷ ልጣ ትበላለች።
«ይሄ ጭልፋ ስንት አገር ዞሯል መሰለህ?» አለችኝ።
«ከኔ ይበልጣላ!» ብዬ ስስቅ፣ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ፣
አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተነሣ፣ መልህቁን ነቅሎ፣ ገመዱን ፈትቶ።
ተንበረከክሁ ነጩን ገንዳ አቅፌ፤
የአርባ ዓመቱ ጉራ ተመልሶ ወጣ በአፌ።
«ማዕበል ነው» አልኋት።
መጋረጃውን ገለጠች፤
ጨረቃ ውኃው ላይ ሳትሰበር ተኝታለች።
«አየኸው ማዕበልህን? ባሕር አርባ ዓመት አቅቶት፣
ጭልፋ ጣለህ በአንድ ምሳ ሰዓት።»

ሐኪሟ መጥታ ሁለት ቀን ከክፍል እንዳልወጣ ከለከለች፤
ሄርሚንዳ ስኳርና ጨው በጥብጣ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች አጠጣች።
የበረዶው ግግር በመስኮት ሰማያዊ ሆኖ አለፈ፤
ልጆች የከፈሉበት እሱ ነበር፤ የኔ ዓይን ግን ባልዲው ላይ አረፈ።

ሌሊት፣ ከበሩ ውጭ፣ የጨርቅ ድምፅ ሰማሁ፤
እጀታውን ነው የሚያሸው። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥሁ።
በአሥራ አንድ ፎቅ ስንት ሰው ተኝቶ ይሆን በዚህ ጨርቅ ተጠብቆ፣
የአንድ ልጅ እጅ በበረኪና ደርቆ?
«ወንድ ልጅ ተወልዶለታል» አለች ሄርሚንዳ፣ «ፎቶውን አሳይቶኛል፤
ሳያቅፈው ስምንት ወር አልፎታል።»
ለካ እሷ ስሙን ጠይቃው፣ ቤቱን ጠይቃው ኖሯል፤
እኔ የጨበጥሁት ሁሉ ስሙ ጠፍቶኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
ቧንቧው ጋ ደረስሁ፤ ደርቋል ከንፈርና አፌ።
«ክሎዶሚሮ፣ ሴሊንዳ...» ቀጣዩ ጠፋብኝ፤
«ሁቬናል» አለች ከኋላዬ፣ ሳትስቅብኝ።

አዳራሹ በር ላይ ሁለቱንም መዳፌን ዘረጋሁ፤
ኮማንግ ረጨልኝ፤ እኔም ልጨብጠው ቃጣሁ።
ሳቅ ብሎ ክርኑን ሰጠኝ። በክርን ተሳላምን።
«የልጅህ ስም ማነው?»
«ጌዴ» አለኝ፣ ዝቅ አድርጎ ድምፁን።

ዛሬ ቤታችን ነን፤ ሳሙናው ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
ሉድጋርዳ ከተወለደች በኋላ ውኃው ትንሽ ይቆያል፤
አንድ ስም ጨምሬያለሁ፣ ጮክ ብዬ እጠራለሁ።
«እሱን እኔ አላዋለድሁትም!» ትላለች ከጓዳ፣ እሰማለሁ።
«አውቃለሁ» እላታለሁ።
«እንግዲያው ውኃ አታባክን!»