አንቀጽ ሰባት

ዶሃ። ውጭው ሐምሌ፣ አስፋልቱ ይቀልጣል፤
ውስጡ ከዜሮ በታች ሰማንያ ወርዷል፤
የግመል ጉንፋን በብልቃጥ ታሽጎ በሚተኛበት
አራት ዓመት ሙሉ ወለል ወለወልኩበት።

ዶክተሩ ሲገባ ጣቱን ያሳርፋል፣ ዓይኑን ያስነብባል፤
እኔን ግን ባልዲዬ ያሳልፈኛል።
«እለፊ» ነው ጥበቃው፤ ስም ጠይቆ አያውቅ።
ሌሊት ሌሊት፣ ወለሉ እስኪደርቅ፣
ከየበሩ ማስጠንቀቂያ ፊደል ለቀምኩ በድብቅ፤
ፊደሉ ቃል ሆነ፣ ቃሉም ዲግሪ፣
ዲግሪው ወንበር፦ የጸጥታ ጉዳይ አማካሪ።

«ስጋቱ ከየት ነው?» አሉ ኮሎኔሉ።
አንዱ ባሕር አለ፣ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ድንበር፤
ግድግዳው ላይ ካርታው ቀይ በቀይ ነበር።
ለእኔ የታየችኝ አንዲት ሚስማር፣
ከመወልወያው ጎን፣
የማቀዝቀዣው ቁልፍ የሚያድርባት።
ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ቆይተው «ጻፊው» አሉኝ፤ ጻፍኩት፦
«ከመሸ በኋላ የጽዳት ሠራተኛ ብቻዋን አትግባ።»

ልክ ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ አንድ ቃል አልቀንስም።
ግን ትናንት አመሻሽ ላይ ስወጣ
አንዲት ልጅ፣ ረምላ ትባላለች፣ ጠየቅኋት፣
ባልዲዋን ታቅፋ፣ ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆማ፣
የበሩን ጽሑፍ ከሩቅ
በከንፈሯ ስትቆጥር አየኋት።