አንድም ሕፃን ቢሆን

ሰባተኛው መልእክት ከአውራጃው ደረሰ፣
ስልኬ በኮረብታው ኔትወርክ እያሰሰ፤
ሞተሬን አቁሜ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣
አነበብኩት ቆሜ፣ ከነፋስ ተደብቄ።

«ለጤና ሠራተኞች፤ የኩፍኝ መመሪያ፣
ቁጥር ሰባት» ይላል ከላይ መጀመሪያ።
ጸሐፊውን አውቀዋለሁ፤ ባዛርሳድ ነው፣ ሐኪሙ፤
ሌሊት ነው የሚልከው፣ ሲደርብበት ድካሙ፤
አንዳንዴ ፊደል ይገድፋል፣ ዛሬ ግን አልገደፈ፤
«አስቸኳይ» የምትለዋን በቀይ ጽፎ አለፈ።

«ዘጠኝ ወር ይሙላው ብላችሁ አትጠብቁ፤
ስድስቱን ከደፈነ ውጉት፤ ግን ዕወቁ፣
ያ መርፌ ዜሮ ነው፣ አይገባም ከቁጥር፤
የደንቡ ሁለቱ በወቅቱ ይቆጠር።
ሽፍታ ለወጣበት ቫይታሚን ኤ ስጡ፣
ዛሬ አንድ፣ ነገም አንድ፤ ከዚያ አትብለጡ።»
የመጨረሻው ነጥብ አጭር ናት፦
«አንድም ሕፃን ቢሆን ብልቃጡን ክፈቱ፣
ዘጠኙ ይፈሳል ብላችሁ አታመንቱ።»

አታመንቱ።
ይህቺን አንዲት ቃል ደግሜ አነበብኳት፣
ግመል በሚሰባበት ወር የት ነበርሽ አልኳት።

ኻንድሱረን መጣች የዚያን ጊዜ ማልዳ፣
ሁለት ቀን በግመል የጎቢን ጠጠር ወርዳ፤
ልጇን ከፊቷ አርጋ፣ በበግ ለምድ ሸፍና፤
«ውጊልኝ» አለችኝ፣ አቧራ ለብሳ ገና።
አንድ ብልቃጥ ማለት ዐሥር ክንድ ነው ለእኛ፤
ዘጠኙን ደፍቼ እንዴት ብዬ ልተኛ?
«ዐሥር ሲሞሉ ነይ» አልኳት በትሕትና፤
የወረዳው ኮከብ፣ ቆጣቢ ነኝና።
አልተከራከረችም፤ የጨው ሻይዋን ጠጣች፤
ግመሏን አስነሥታ በመጣችበት ወጣች።

ስሙ እነቢሽ ነው፤ በሞንጎል አፍ ሲፈታ
«ይኼኛው አይደለም»፤ ሞት በሩን ቢመታ፣
ከርሱ በፊት ሁለት የወሰደባት ሞት፣
«ቤት ተሳስቻለሁ» ብሎ እንዲሄድላት።
ኩፍኝንም እዚህ «ቀይ አምላክ» ይሉታል፤
አምላክ ስለሆነ በስም ይሸነግሉታል።
እኔ የተማርኩት ግን ቫይረስ ነው፤ ጆሮ የለው፤
ስም አይጠይቅም፣ ክንድ ነው የሚያየው።
ይህን እያወቅሁ ነው፣ ያን ለት በመዝገቤ
ባዶ ሳጥን ትቼ
«ይኼኛው አይደለም» ያልኩት በገዛ ልቤ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው፤
መበጥበጫው ውሃ ብርዱ እንዳይሰነጥቀው
ከካባዬ ሥር ነው፣ ጡቴ ነው የሚያሞቀው።
ጌሩን ከሩቅ አየሁ፤ ጭሱ ቀጥ ብሏል።
እነቢሽ ከምድጃው አጠገብ ተኝቷል፤
ዓይኑ ቀልቷል፣ ያስላል፤ ከጆሮው ኋላ ጀምሮ
ሽፍታው ደረቱ ላይ ነው፣ አንገቱን ተሻግሮ።
ለእርሱ መርፌ የለኝም። ካፕሱሏን ቆርጬ
አፉ ውስጥ ጠብ አደረግሁ፣ ከጎኑ ተቀምጬ።
ኻንድሱረን ምንም አላለችም። ያ ነው የከበደኝ።
የጨው ሻይ ቀዳች፣ አሁንም ሰጠችኝ።

ከጎን ካለው ጌር ውስጥ የሰባት ወር ልጅ አለች፣
ኒንጂን፤ ትናንትና ከእርሱ ጋር የዋለች።
አንድ ናት።
ከፈትኩት። በጠበጥኩ። ወጋኋት። አለቀሰች።
እናቷ መዝገቡን አጮልቃ አነበበች፤
«ዜሮ ምን ማለት ነው? አልተወጋችም?» አለች።

የተበጠበጠው ስድስት ሰዓት ነው ዕድሜው፤
ዘጠኝ ክንድ ቀረኝ፤ ሜዳው ግን ባዶ ነው።
ከጌር ወደ ጌር ከነፍኩ፣ በሞተር፣ በጨለማ፤
«ልጅ አላችሁ?» ስል ውሻ ብቻ እየሰማ፤
ሁለት አገኘሁ፦ አንዱ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣
ሌላው ከአያቱ ጉያ፣ እጄን በጥርሱ ነክሶ።
ስድስተኛው ሰዓት ላይ ሞተሬን አጠፋሁ፤
ሰባቱን ከነብልቃጡ ሳጥን ውስጥ ደፋሁ።

በባትሪ ብርሃን ቅጹን ሞላሁት፦
«የተከፈተ፣ አንድ። የተወጉ፣ ሦስት።
ብክነት፣ ሰባት።»
ብዕሬ ደርቆብኝ፣ በትንፋሼ አሙቄ፣
ወረቀቱን ገልብጬ፣ ጥግ ጥጉን ጠይቄ፣
ሌላ ረድፍ ፈለግሁ፣
ከበረዶው በፊት የቆጠብኩት ዘጠኝ የሚጻፍበት፤
አጣሁት። ከሰባት ሥር ባዶው ላይ ጻፍኩበት፦
«እነቢሽ። ሦስት ዓመቱ። ይኼኛው ነበር።»

ነገ ሁለተኛዋን ካፕሱል ይጠብቃል።
ቤንዚኔ ግማሽ ነው። ይበቃኝ ይሆናል።