የድንች ዘመድ

ስድስተኛ ክፍል ነን፤ ከዚራ፤ ግንቦት ነው።
ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ወላፈን እያነቀው።
መምህር ጥሩነህ በአረንጓዴ ጠመኔ
ከባሕር ማዶ ያለ ተራራ ሣሉ።
«እዚህ» አሉ፣ «ዛፉ ጉም ይጠጣል፤ ሰዉም ከገደሉ ላይ
እንደ ፍየል ተጣብቆ ድንች ይቆፍራል።»
ላባችንን በደብተር እያራገብን
«በየቀኑ ይዘንባል?» አልናቸው።
«በየቀኑ።»
ያን ጊዜ ማልሁ፦ እሄዳለሁ።

አልሄድኩም።
ባቡሩ እስከ ጅቡቲ ወሰደኝ፣ ጉምሩክ መለሰኝ፤
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ፈተለኝ፤
ጉልበቴ ሲንቋቋ በጡረታ ለቀቀኝ።

ዛሬ በዩያ አይሱዙ፣ ከባዶ ጆንያ ጋር፣
ዘር ድንች ልገዛ ወደ ጋራ ሙለታ።
ዩያ ጉንጩን ወጥሮ፣ መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ጨብጦ
የዴንገጎን ጠመዝማዛ ይታገላል።
ድሬ ከኋላችን ጠፍጣፋ ሆና ቀረች፤
ደቻቱም ውሃ የሌለው ነጭ ጅማት።
በሦስተኛው ኩርባ ላቤ ደረቀ፣
በሰባተኛው ጃኬት ለመንኩ።
«አቦ፣ ይኼ ብርድ ከየት መጣ?»
«ከላይ ነዋ!»
ከዚያ ጉሙ ወረደ። መንገዱ ጠፋ።
አንዲት አህያ ብቻ፣ ጆሮዋ ቀድሞ፣
ከነጩ ውስጥ ብቅ አለች።
መምህር ጥሩነህ ዳስተሩን ያራገፉት እዚህ ኖሯል?

ኢፍቱ ዳገቱ ላይ ወገቧን አስራ ትቆፍራለች።
ማሽላው ከታች፣ ድንቹ ከላይ፣
ከሁሉም በላይ የተረፈች ደን፣
ለራስ የጠበበች ቆብ።
«በአባቴ ጊዜ እስከዚህ ነበር» አለች፣
እግሯ ሥር በዶማ ምልክት አድርጋ።
ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ግን የተማርኩትን መናገር አማረኝ፦
«ይኼ ድንች እኮ እንግዳ ነው፤ ከባሕር ማዶ፣
እንዳንቺ ገደል ከሚያርሱ ሰዎች።»
አገላብጣ አየችው፤ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች።
«እንግዳ ሦስት ቀን ነው። ይኼ የአባቴን ሰደቃ አብልቷል፤
እኔን ድሯል። ዘመድ ነው።»
ጥቂት ቆይታ፦
«እነዚያ ሰዎች ጉሙን ምን ይሉታል?»

አላውቅም።
የወንዙን ርዝመት፣ የተራራውን ከፍታ
ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤
ይኼን ግን አልጠየቅኩም፣
እሳቸውም አፈር ከገቡ ቆዩ።

ስመለስ ድሬ እሳት ናት፤ ባጃጁ ይንጫጫል።
ጆንያውን ሳቢያን፣ አልጋዬ ሥር አኖርኩት።
ሌሊት እጄን ሰድጄ እነካዋለሁ፤
አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ነው።