የግራ ጆሮ

ሐሙስ ነው፤ ጠዋት ነው፤ ሐረጎ ትከሻ ላይ ጉሙ አልተገፈፈ፤
ከደሴ ቁልቁል የወረደው አውቶብስ ካዳራሹ ደጅ ተሰለፈ።
ኮምቦልቻ ዛሬ ሙያዋን ዘርግታ በየጠረጴዛ፣
ለኔ የደረሰኝ በሩ ጥግ ሆነ፣ ንፋስ ወረቀቴን ሲያዋዛ።

ጦይባ ይመር ነኝ። ፈትል ክፍል ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ።
«ለልጆቹ ስለ ሥራሽ ንገሪ» ተብዬ ነው መምጣቴ።
ሌሊቱን ሳሰላ አደርኩ። ምን ልበል? ክር ይበጠሳል፤ እቀጥላለሁ፤
ደግሞ ይበጠሳል፤ ደግሞ እቀጥላለሁ። ይህን ለማን አወራለሁ?

ከቀኜ አቶ እንድሪስ፣ ከቆዳ ፋብሪካ፤ ናሙና ዘርግቷል፤
ልጆቹ ሲያልፉ አፍንጫ ይይዛሉ፤ እሱ ግን ለምዶታል።
«ያዙ፣ ያዙ!» ይላል፣ «ግን ጎንበስ በሉና ጫማችሁን እዩ፤
ከሽታዬ ጋራ ነው የምትራመዱት፣ ወዴት ልትለዩ!»

ከግራዬ ደግሞ የባቡሩ ወጣት፣ ክራባት ያሰረ፤
ፎቶ ነው ያመጣው፤ ዋሻው፣ ድልድዩ፣ ሐዲዱ እንዳማረ።
«ባቡሩስ?» አለችው አንዲት ቀጭን ልጅ። ዝም አለ ጥቂት።
«እሱን ነው የምትነዱት» አለ፣ «ስታድጉ። ምናልባት።»

ቢራ ፋብሪካዎቹ ጠርሙሱን ለልጅ ማሳየት ነውር ነው ብለው
ገብስ ብቻ አመጡ በሳህን፤ ልጆቹ ቆረጠሙት ጨርሰው።
ካየር ማረፊያው የመጣው ጎረምሳ ጋ ሰልፉ ደጅ ይደርሳል፤
እኔ ጋ አንድ ሁለት ልጅ፣ ክሩን ነክቶ ይመለሳል።
መምህር ደርበው በድምፅ ማጉያ፦ «አምስት ደቂቃ ነው ያላችሁ!»
ለሃያ ስድስት ዓመት አምስት ደቂቃ። ጉድ ነው መቼም፣ ልንገራችሁ።

«ደሞዝሽ ስንት ነው?» አለኝ አንዱ ደፋር። ነገርኩት። ፊቱን አየሁት፤
«አባቴ ባጃጁ በሳምንት ያስገባል» የሚለውን ከግንባሩ አነበብኩት።

ከዚያ አንዲት ልጅ መጣች፤ ደረቷ ላይ ሉባባ የሚል ስም፤ እጅጌዋ ያጠራት፤
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማኋት።
«በዚህ ዙሪ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «የምሰማው በቀኙ ነው፤
የግራውን ማሽኑ ጋ ትቼዋለሁ፤ እሱ ዛሬም ተረኛ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። ዞረች።
ትምህርት ቤት የሰጣትን የጥያቄ ወረቀት አጠፈች፤ ኪሷ ከተተች።
«ማሽኑ ሲቆምስ» አለች፣ «ምን ትሰሚያለሽ?»

ይህን የጠየቀኝ አለቃ የለም። ሐኪምም አልጠየቀኝ።

«መብራት የጠፋ ቀን» አልኳት፣ «ሁለት መቶው ማሽን ባንዴ ጸጥ ሲል፣
መጀመሪያ ቦርከናን እሰማለሁ። ከዚያ ሰው ሲተነፍስ፣ ጫማ ሲጎተት፣ ሲሳል።
አንድ ቀን ደግሞ ከጎኔ ዜማ ሰማሁ፤
ዋጋዬ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስቆም
እንደምታንጎራጉር ያኔ ገና አወቅሁ።
ማሽኑ መቆሙን አላየችም፤ ዐይኗን ጨፍና፣
ግማሽ መስመር ቀጠለች።
ከዚያ አየችን። አፈረች።»

ልጅቷ ምንም አላለች። ክሬን በጠሰችና «አሳዪኝ» አለች።
አሳየኋት። ተፈታባት። ደገመች። ላላ።
ሦስተኛውን ሳበችው፣ ሳብኩላት፤ ያዘ!
«ምን ልትሆኚ ነው ሐሳብሽ?»
«የልብ ሐኪም» አለች፣ ዐይኗን ከቋጠሮው ሳትነቅል።
«እሱም ክር አለው።»

«አምስት ደቂቃ!» አለ ማጉያው።

ሲያበቃ ቅጽ አስሞሉን፦ «ስንት ተማሪ ወደ ሙያው ሳብሽ?» ይላል።
ዜሮ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬ ሁለቴ ዞረባት፤
ቋጠሮ መሰለች።

ማታ ተራዬ ነው። ሁለት መቶው ባንድ አፍ ይጮኻል።
የዋጋዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።
በቀኜ ዞርኩላት።
ምንም አይሰማም።
ቢሆንም ዞሬ ቆየሁ፣
ክር እስኪበጠስ ድረስ።