የጋራ ግድግዳ

ላይፕዚግ፣ አራተኛ ፎቅ። የጋዙ ሂሳብ ኅዳር ላይ
እጥፍ ሆኖ መጣ፤ ገልብጬ ባይ፣ ቀና አድርጌ ባይ
ያው።

ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን በፎጣ ወተፍኩ፣
ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ አልጋዬን ጎተትኩ
ወደ ወይዘሮ ቫልትራውድ ግድግዳ።
ለብ ይላል ከወዲያ። የሷ ነው ዕዳው፣ እኔ እንግዳ።
ቆጣሪውን “ቆጣቢ ነኝ” አልኩት በኩራት፣
ጀርባዬ ከሰው ቤት እየተበደረ ሌሊት ሌሊት።

ጥር ላይ ግድግዳው በረደ።
አንኳኳሁ፤ ልቤ እየራደ።
ካፖርት ለብሳ ከፈተች፤ ትንፋሿ ይጨሳል።
“አልጋዬን አሸሸሁት” አለች፣ “የሰው ሙቀት መስረቅ ያሳፍራል።
የኔን ከዘጋሁት ቆየሁ፣ ገና መስከረም ሳያልፍ አልፎ።”
ሁለት ጀርባ ነበር ያ ሁሉ ሙቀት፣ በአንድ ጡብ ተደጋግፎ።

አሁን በተራ እንከፍታለን፦ ሰኞ የኔ፣ ማክሰኞ የሷ።
እሑድ ኬክ እጋግራለሁ፣ ምድጃው ይበቃናል፣ ትላለች እሷ።